ዴልበርት ያላነበበው ስም

በብራድዊን ሰው ሞተ የሚባለው ዴልበርት ክራውስ በሬዲዮ ሲያነበው ነው። ሐኪሙ ቢፈርም፣ ሣጥኑ ቢመረጥ፣ ፓስተሩ የቀብሩን ቀን ቢቆርጥ፣ ጠዋት በሁለት ሰዓቱ የሐዘን ዜና ላይ ስሙ በዴልበርት ድምፅ ካልተጠራ ጎረቤት አምኖ አያለቅስም። እኔ ራሴ ባሌ ሲሞት አልጋው አጠገብ እጁን ይዤ ነበርኩ፤ ዓይኑን የከደንኩለትም እኔ ነኝ። መሞቱን ያመንኩት ግን በማግስቱ ማለዳ፣ እንቁላል እየጠበስኩ ሳለ፣ ሬዲዮው ‹‹ኤልዉድ ስትራውብ›› ሲል ነው። እንቁላሉ አረረ፤ እኔም ምድጃው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ማቪስ እባላለሁ። ዕድሜዬ ያለቀው የብራድዊን ሬዲዮ ጣቢያ የፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ስልክ ሳነሳ፣ ማስታወቂያ ሳስይዝና ባለቤቱን ሚስተር ቴትን ከሰው ሳስታርቅ ነው። ጣቢያ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በቆሎ እርሻ ዳር የቆመች፣ ጣሪያዋ የሚያፈስ፣ ከኋላዋ አንድ ረጅም የብረት ምሰሶ ያላት ቤት ናት። ዝናብ በጣለ ቁጥር ዴልበርት በአንድ እጁ ወረቀቱን ይዞ እያነበበ በእግሩ ባልዲውን ወደሚያፈስበት ይገፋ ነበር።

ዴልበርት ሚስት አላገባም። ጆሮው ትልልቅ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ በምድር ላይ ችኮላ የሚባል ነገር መኖሩን የማያውቅ ሰው ነው። የሐዘን ዜና ከማንበቡ በፊት ለሟች ቤተሰብ ይደውላል። መጀመሪያ የስሙን አጠራር ይጠይቃል፤ እኛ ጋ የፖላንዱም፣ የጀርመኑም፣ የዌልሱም ዘር ተደባልቆ ስለሚኖር ሟችን በተሳሳተ ስም መሸኘት ነውር ነው። ቀጥሎ ‹‹ሰው ያላወቀለት ምን ነበረው?›› ይላል። ከዚያ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ አንብቦ ሲጨርስ ከራሱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጨምራል። አንዲት ብቻ። ለባሌ ‹‹ተበላሽቶ የቆመ መኪና አይቶ አያልፍም ነበር›› አለለት፤ እውነቱን ነው። ከተማው በሙሉ የሚጠላው ቋጣሪው ገስ ዊሊስ ሲሞት ደግሞ ‹‹ለዚህኛውስ ምን ሊል ነው?›› ብለን ሁላችንም ጆሯችንን ቀሰርን። ‹‹የግቢው ሣር ሁልጊዜ በደንብ የታጨደ ነበር›› አለ። እየሳቅን አዘንንለት።

እህቱ ኔልዳ ሃርከር በአምስት ዓመት ታንሰዋለች። ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጇ አሪዞና አግብታ የቀረችባት የትምህርት ቤት ነርስ ናት። እሑድ እሑድ እኔና ዴልበርት ምሳ የምንበላው እሷ ቤት ነበር። የምትጠብሰው ሥጋ ይደርቃል፤ እሷም ስለምታውቀው ‹‹መረቁን አብዙበት፣ አትፈሩ›› ትለናለች። የከተማው ልጅ ሁሉ ጉልበቱ ሲላጥ ያሸገችለት፣ ቅማል ሲያፈራ ለማንም ሳትናገር ያበጠረችው እሷ ናት።

አንድ ዓመት የትምህርት ቦርዱ ወጪ ልቀንስ ብሎ ሁለት ነርሶችን አሰናበተና ኔልዳን ለሦስት ትምህርት ቤት ብቻዋን አስቀራት። በዚያው ዓመት በልግ፣ ኔልዳ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ካለው ሁለተኛ ደረጃ ሆና የአንድ ልጅ ቁስል ስታሽግ፣ ኮልቢ የሚባል አስም ያለበት የሦስተኛ ክፍል ልጅ በታችኛው ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ሲሮጥ ትንፋሽ አጠረው። በአፉ የሚስበው መድኃኒት በደንቡ መሠረት ነርሷ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ያለው ኔልዳ ጋ ነው። ደወሉላት፤ በመኪናዋ በረረች፤ አልደረሰችለትም።

ማንም አልፈረደባትም። የልጁ እናት ትዋይላ ራሷ መቃብሩ ላይ አቅፋት ነው የቆመችው። ቦርዱ ፊት ስትቀርብም ‹‹ነርሷን አንዲት ቃል እንዳትናገሯት፤ ለሦስት የቆራረጣችኋት እናንተ ናችሁ›› ብላቸው ወጣች። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። እኔም ነበርኩ።

ኔልዳ ጡረታ ስትወጣ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት እወዳደራለሁ አለች። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ በየትምህርት ቤቱ አንድ ነርስ እንዲኖር የሚያስገድድ ሕግ። ከመመዝገቧ በፊት መጀመሪያ የሄደችው ትዋይላ ቤት ነበር።

‹‹የልጅሽን ስም ድምፅ መለመኛ አላደርገውም›› አለቻት። ‹‹ብሸነፍም ከአፌ አይወጣም።››

ትዋይላም እጇን ይዛ፣ ‹‹ቃልሽ ነው እንግዲህ›› አለቻት።

አሁን ስለ ማስታወቂያው ልንገራችሁ። ለፕሬዚዳንትነትና ለዋሽንግተን ወንበር የሚወዳደሩ ሰዎች ሲመጡ የአየር ሰዓት መሸጥ ግዴታችን ነው፤ ሕጉ እንዲያ ነው። በየምርጫው በእኛ ሬዲዮ ሲሰዳደቡ እንሰማለን፤ ሩቅ ስለሆኑ በሌላ አውራጃ እንደሚያጉረመርም ነጎድጓድ ነበር የምንሰማቸው። ለአካባቢያችን ወንበር ግን ሚስተር ቴት ለማንም ሸጦ አያውቅም። ለአንዱም ካልሸጠ ለሌላው ለመሸጥ አይገደድም፤ ይህንንም ሕጉ ይፈቅድለታል። ይህን የቆየ ወግ ያስፈረሰው ሌላ ሰው ሳይሆን ዴልበርት ነው።

‹‹ሚስተር ቴት፣ አንዲት ትንሽ ማስታወቂያ ናት›› አለው። ‹‹ለእህቴ።››

‹‹ዴልበርት፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ቁርሴን የምበላው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው። እንቁላሌ ላይ እንዲተፉልኝ ትፈልጋለህ?››

‹‹ማን ይተፋብዎታል? ኔልዳ እኮ ናት! የእርስዎን የልጅ ልጆች ቅማል የለቀመችው ማን ሆነና?››

‹‹የልጅ ልጆቼን ቅማል እዚህ ውስጥ አታግባ›› አለ ሚስተር ቴት። ‹‹ስማኝ። ለእሷ ከሸጥኩ ለተቀናቃኟ ለዱዌይን ፕሩትም በዚያው ዋጋ ልሸጥ ነው። እሱ ራሱ የሚናገርበት ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ ምንም ይዞ ይምጣ አንዲት ቃል መቁረጥ አልችልም። ያስቀጣኛል። በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ የምዘጋው ግን እኔ አይደለሁም።››

‹‹ዱዌይን ፕሩት እኮ ነው! ትራክተር ሻጩ! ምን ሊል ይችላል? ‹ጎማ በቅናሽ› ይል ይሆናል።››

ሚስተር ቴት ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም። ሰው ከሳቀ በኋላ እምቢ ማለት ይቸግረዋል፤ ‹‹በል እሺ›› አለና ገባ።

ዴልበርት የእህቱን ማስታወቂያ በገዛ እጁ ጻፈ፤ እሷም አነበበችው። ‹‹ኔልዳ ሃርከር ነኝ። ጉልበታችሁ ሲላጥ ታውቁኛላችሁ። ልጆቻችሁ በሚማሩበት ሁሉ ነርስ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ምረጡኝ፤ ካልመረጣችሁኝም ኮት ልበሱ፣ በርዷል።›› ይኸው ነበር። ከተማው ተንጫጫ፤ ምግብ ቤት ስትገባ ሁሉም ‹‹ኮቴን ለብሻለሁ!›› ይላት ጀመር። ዴልበርት ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ከክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ከኮሎምበስ ተደወለ። የደወለው ወጣት ድምፅ ያለው፣ በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ ስሜን እየጠራ ነው የሚያናግረኝ። የዱዌይን ፕሩትን ዘመቻ የያዘው ድርጅት ነኝ አለ። ‹‹በእናንተ ጣቢያ ሰው በብዛት የሚያዳምጠው መቼ ነው፣ ማቪስ?›› አለኝ። መልሱን አውቆታል፤ ለወጉ ነው የጠየቀኝ። ከሐዘን ዜናው ቀጥሎ ያለውን ቦታ በሙሉ፣ እስከ ምርጫው ዋዜማ፣ ገዛው። ማስታወቂያው ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር መጣ። እኔና ዴልበርት አብረን አዳመጥነው።

መጀመሪያ የልጅ ትንፋሽ ይሰማል፤ ሲያጥር፣ ሲቆራረጥ። ከዚያ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ይገባል። ‹‹አንድ ልጅ መተንፈስ አቃተው። መድኃኒቱ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ነርሷ ኪስ ውስጥ ነው። ኔልዳ ሃርከር የት ነበረች?›› ዝም ይላል። ትንፋሹ ይቆማል። ‹‹ያን ቀን አልተገኘችም። ነገስ ትገኛለች?›› ከዚያ ፊሽካ የመሰለ ደስ የሚል ሙዚቃ ይመጣና ‹‹ዱዌይን ፕሩት ነኝ፤ ይህን ማስታወቂያ አጽድቄዋለሁ›› ይላል።

ዴልበርት የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ በጣም ቀስ ብሎ አስቀመጠው። እኔ አፌ ላይ የመጣውን ስድብ ሁሉ ተሳደብኩ። እሱ ግን ተነስቶ ሚስተር ቴት ክፍል ገባ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

‹‹ይሄ አይተላለፍም›› አለ።

‹‹ጠበቃውን ጠይቄያለሁ። ይተላለፋል።››

‹‹ውሸት ነው!››

‹‹ውሸት እንኳ ቢሆን መቁረጥ አልችልም። የባሰው ደግሞ ውሸት አለመሆኑ ነው፣ ዴልበርት። ልጁ አልተነፈሰም። ቁልፉ እሷ ጋ ነበር። እሷ እዚያ አልነበረችም። የትኛውን ቃል ነው ውሸት የምትለው?››

ያ ሁሉ ዓመት በሰው ቤት ሐዘን ልክ የሆነችውን ቃል ሲያገኝ የኖረ ሰው እዚያ በር ላይ ቃል አጥቶ ሲቆም አየሁት።

‹‹እኔ ራሴ ልናገር እንግዲህ›› አለ በመጨረሻ። ‹‹ከዜናው በኋላ እውነቱን ልናገር።››

‹‹አንተ የዚህን ከተማ ሙታን የምታነብ ሰው ነህ። ወገን ከለየህ ነገ ግማሹ ሰው ሟቹን አይሰጥህም። ያንን ካጣህ ምን ይቀርሃል?››

በማግስቱ ጠዋት ዴልበርት ወይዘሮ ጋርኔት ብሌክሊን አነበበ፤ ‹‹የደብዳቤዎቿ ፖስታ ላይ ሁልጊዜ አበባ ትሥል ነበር›› አለላት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ የማስታወቂያውን ቁልፍ ተጫነ። የልጅ ትንፋሽ ከተማውን ሞላው።

ዱዌይን ፕሩት ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። አይደለም። ዴልበርት በዚያው ቀን ምግብ ቤት ሲያገኘው ፓንኬኩን እየበላ ነበር፤ ሲያየው ሹካውን አስቀመጠ።

‹‹ዴል፣ በእናቴ እምልልሃለሁ፣ አላዳመጥኩትም። ወረቀት ሰጡኝ፤ ስሜን አንብቤ ‹አጽድቄዋለሁ› አልኩ፤ አለቀ። የቀረውን የሠሩት የኮሎምበስ ልጆች ናቸው።››

‹‹አሁንስ ሰማኸው?››

‹‹ሚስቴ ሰምታዋለች። አልቅሳለች።››

‹‹እንግዲያው አስቁመው።››

ዱዌይን ወደ መስኮቱ ዞረ። ‹‹ገንዘቡን የሚያወጡት እነሱ ናቸው። እኔን ማን ይሰማኛል? ደግሞ ካቆምኩ ‹ፈራ› ይላሉ። ምርጫው ይለፍና እኔ ራሴ ኔልዳ ቤት ሄጄ ይቅርታ እላታለሁ። ቁጭ በል፣ ቡና ልጋብዝህ።››

ዴልበርት አልተቀመጠም። ‹‹ዱዌይን፣ አባትህን ያነበብኩት እኔ ነኝ›› ብሎት ወጣ።

ለማስታወቂያው መልስ መስጠት ቀላል ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር፤ ‹‹ነርሶቹን ያባረረው ቦርዱ ነው፣ እኔ ሌላ ትምህርት ቤት ነበርኩ›› ማለት። ኔልዳ ግን ልጁን ሳታነሳ ይህን ማለት አትችልም። እኔም ወተወትኳት፣ ዴልበርትም ለመናት።

‹‹ስሙን ሳትጠሪ ተናገሪ በቃ!›› አልኳት።

‹‹ብራድዊን ውስጥ ስሙን ባልጠራው ማን የማያውቀው አለ፣ ማቪስ? ትዋይላ በየቀኑ የልጇን ትንፋሽ ሲቆም እየሰማች ነው። እኔ ደግሞ ልጨምርባት?››

‹‹አንቺን እኮ እየገደሉሽ ነው›› አለ ዴልበርት።

‹‹እኔ ትልቅ ሴትዮ ነኝ። መረቁን አቀብለኝ።››

እንዲህ እያለች የኮቱን ማስታወቂያ ብቻ ስታስተላልፍ ቆየች። እነዚያ ደግሞ በቴሌቪዥን መጡ፤ በየፖስታ ሣጥኑ ባዶ ወንበር የተሣለበት ወረቀት ከተቱ። የሰዉን ነገር ደግሞ በጆሮዬ ተከታተልኩት፤ ሥራዬ ስልክ ማንሳት ነውና። በመጀመሪያው ሳምንት የሚደውለው ሁሉ ‹‹ይሄ ነውረኛ ማስታወቂያ ይነሳ!›› ይላል። በሁለተኛው ‹‹ነውረኛ ነው፣ ግን ምን ታደርጊዋለሽ›› ማለት መጣ። ቆይቶ ‹‹ነውረኛ ነው፣ ግን...›› ይሉና ዝም ይላሉ። በመጨረሻ ‹‹ግን›› የምትለዋ ብቻ ቀረች። ኔልዳ ገበያ ስትገባ ስለ ኮት የሚቀልድባት ጠፋ። ያጨበጨቡላት ሰዎች፣ ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ የት እንደገቡ እንጃ።

ዴልበርት ኔልዳ ሳትሰማ ትዋይላ ቤት ሄደ። ራሷ መጥታ እውነቱን እንድትናገር ለመናት፤ ‹‹ኔልዳ ቃሏን ጠብቃለች፣ አንቺ ግን ለማንም ቃል አልገባሽም›› አላት። መጀመሪያ እምቢ አለች። ከምርጫው በፊት በነበረው ሐሙስ ግን፣ የፋብሪካ ልብሷን እንደለበሰች፣ ጣቢያው በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

ዴልበርት እንደ እንቁላል ተጠንቅቆላት ወደ ስቱዲዮ አስገባት። ወንበሩን ዝቅ አደረገላት፤ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋው፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። እኔ ከስቱዲዮው መስተዋት ወዲህ ነበርኩ፤ ድምፁ በድምፅ ማጉያው ይሰማኛል።

‹‹የምታውቂውን ብቻ ተናገሪ›› አላት። ‹‹ቦርዱ ፊት እንደተናገርሽው። ስትፈልጊ ጀምሪ።››

ትዋይላ ማይክሮፎኑን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ዴልበርትን አየችው።

‹‹ዴልበርት፣ ግን የት ነበረች?››

‹‹ምን አልሽ?››

‹‹ኔልዳ። የት ነበረች?››

‹‹ትዋይላ... ሁለተኛ ደረጃው ጋ ነበረች። አንቺ እኮ ነሽ ለሁላችንም የነገርሽን።››

‹‹አውቃለሁ። አውቃለሁ እኮ›› አለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ። ‹‹ራሴ ነኝ የተናገርኩት። ግን ጠዋት ስነሳ እሰማዋለሁ፤ ልብስ ሳጥብ እሰማዋለሁ። የት ነበረች ይለኛል፤ እኔም የት ነበረች እላለሁ። መልሱን ስናገረው ራሴን አላምነውም። ደውለውላት ቶሎ ሳትነሳ ቀርታ ቢሆንስ? ቡናዋን ጨርሳ ቢሆንስ የመጣችው? እኔ እኮ አላየኋትም።››

ማዳመጫውን አውልቃ ማይክሮፎኑ ላይ አንጠለጠለችውና ‹‹ይቅር በለኝ›› ብላው ሄደች። ዴልበርት ባዶውን ወንበር እያየ ተቀምጦ ቀረ። ገብቼ ትከሻውን ስነካው ‹‹ለኔልዳ እንዳትነግሪያት›› ብቻ አለኝ። አልነገርኳትም። ነገር ግን ትዋይላ ከዚያ ቀን ጀምሮ በኔልዳ ደጅ ስታልፍ እጇን ማውለብለብ ተወች፤ ኔልዳ ደግሞ የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም።

ኔልዳ ተሸነፈች፤ ያውም ክፉኛ። በገዛ ሰፈሯ እንኳ አላሸነፈችም። ዱዌይን ፕሩት ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ አልሄደም፤ የሚሄድም አልመሰለኝም ነበር። ሚስተር ቴት በዚያ የምርጫ ገንዘብ ጣሪያውን አሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ለመጣ ሁሉ ይሸጣል። ዝናብ ሲጥል አሁን ጠብ አይልም። ባልዲውን ግን እስካሁን አልጣልኩትም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የምስጋና ቀን የሚባለው የኅዳር በዓል ሲደርስ እንደወትሮው ኔልዳ ቤት ተሰበሰብን፤ ሦስታችን ብቻ። ተርኪ ዶሮው እንደ ልማዱ ደርቋል፤ ዘንድሮ ግን ‹‹መረቁን አብዙበት›› የሚል ሰው የለም። ከምሳ በኋላ እሷ ሳህን ታጥባለች፣ ዴልበርት ያደርቃል፤ እኔ ጣፋጩን የዱባ ፓይ ለመቁረጥ ቢላ እፈልጋለሁ። ስለ ምርጫው ማናችንም አላነሳንም ነበር። በመስኮቱ የጎረቤት ልጆች ቅጠል ከምረው ሲዘሉበት ይታያል፤ ኔልዳ እነሱን እያየች ነበር።

‹‹ኔልዳ›› አለ ዴልበርት፤ አንዱን ሳህን ከደረቀ በኋላም እየወለወለው። ‹‹ያን ቀን... ሲደውሉልሽ... መንገድ ላይ የትም አልቆምሽም አይደል?››

‹‹ዝም በል!›› ልለው አፌን ከፍቻለሁ፤ ግን አንዴ ወጥቷል። እሷ አልዞረችም።

‹‹የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነበርክ›› አለችው።

‹‹ኔልዳ፣ እኔ እኮ... ማለቴ እንዲያ ሳይሆን...››

‹‹ምን ማለትህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ዴል። ሳህኑን አስቀምጠው፤ ደርቋል።››

ፓዩን በላን። ምን ምን እንደሚል አላስታውስም።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ዴልበርት እህቱን የሚጠረጥር ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ከትምህርት ቤቱ ደጅ አንስቶ ቤቷ ያደረሳት እሱ ነው። ቢሆንም ያን ድምፅ ከሁላችንም በላይ የሰማው እሱ ነው። እኛ ሬዲዮ እንዘጋለን፣ ከክፍል ወጥተን እንሄዳለን። እሱ በየማለዳው ሙታኑን አንብቦ እንደጨረሰ ማዳመጫው በሁለቱም ጆሮው ላይ እንዳለ ‹‹የት ነበረች?›› ይባላል። ምርጫው ካለፈ በኋላ እንኳ ዜናውን ጨርሶ ዝም ሲል አንገቱን ሰበር አድርጎ ሲያዳምጥ አየው ነበር፤ አሁንም የሚሰማው ይመስለኛል። ያንን ነገር የሠሩት ሰዎች ኮሎምበስ ተቀምጠው ስለ እኛ ምንም አያውቁም፤ ምን እንደሚሠራ ግን በደንብ ያውቃሉ። እግዚአብሔር የሥራቸውን ይስጣቸው።

በጸደይ ኔልዳ ቤቷን ሸጣ ልጇ ጋ አሪዞና ሄደች። አውቶቡስ ጣቢያ ዴልበርት ነው የሸኛት። ተሳሳሙ፤ ሻንጣዋን ጫነላት፤ ‹‹ኮትሽ›› አላት፤ ‹‹እዚያ ኮት አያስፈልግም›› አለችው። በገና ካርድ ይላላኩ፣ በልደት ቀን ይደዋወሉ ነበር። የሚያወሩት ስለ አየሩ ነበር። አንድ ጊዜ ከጎኑ ሆኜ ስሰማ፣ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ‹‹ልነግራት ፈልጌ ነበር›› አለኝ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ባለፈው መስከረም የኔልዳ ልጅ ደወለች። የፊት ጠረጴዛውን ስልክ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እናቷ በእንቅልፏ ማለፏን ነገረችኝ። አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች። ከዚያ እንደ ልማዴ እስክሪብቶ አንስቼ የቀብሩን ሰዓት ልጽፍ ስል፣ ‹‹ማቪስ፣ አትጻፊው›› አለችኝ። ‹‹እማዬ ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምሮ አደራ ብላኛለች። በብራድዊን ሬዲዮ ስሜ እንዳይጠራ ብላለች።››

ለዴልበርት መንገር የኔ ዕጣ ሆነ። የሟች ወረቀቱን የሚይዝበትን የደረት ኪሱን ዳሰሰ፤ ምንም አላወጣም። ‹‹እሺ›› አለ። ‹‹ከፈለገች እሺ።››

በማግስቱ ሥራ አይገባም ብዬ ነበር፤ ሸሚዙን ተኩሶ በሰዓቱ መጣ። ሦስት ሟቾች ነበሩን። አንድ በአንድ አነበባቸው፤ ስማቸውን አላበላሸም፤ ለእያንዳንዳቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰጣቸው። ከሦስተኛው በኋላ ዝም አለ። በመስተዋቱ ውስጥ አየሁት። አንድ ሰው ተነቦ እስኪያልቅ የሚፈጀውን ያህል ዝም አለ። ስልኩ መጥራት ጀመረ፤ አድማጮቹ ሬዲዮው የተበላሸ መስሏቸው ነው። ከዚያ ማይክሮፎኑን አጠፋው፤ ቀይዋ መብራት ስትጠፋ አይቻለሁ። ማስታወቂያውን ለቀቀ። የምርጫ ቅስቀሳ ተጀምሮ ስለነበር አንዱ ተወዳዳሪ ሌላውን በስሙ እየጠራ ‹‹ምን ደበቀ?›› እያለ ከተማውን ሞላው።

በሩን ከፍቼ ስገባ ዴልበርት ማዳመጫውን አላወለቀም። አፉን ወደ ጠፋው ማይክሮፎን አስጠግቶ በዚያው በጠዋቱ ድምፅ ይናገራል።

‹‹ኔልዳ ክራውስ ሃርከር›› አለ። ‹‹መንገድ ላይ የትም አልቆመችም።››